ኮሜዲያኑ በስንት ሰዓት፣ በምን ዓይነት አዳራሽ? ስለ መጪ ዝግጅቶች ገጻችሁ

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፦

ፍልሰታ ከተፈታበት ከነሐሴ 16 አንሥቶ እስከ መስቀል ያሉት ሳምንታት አዲስ አበባ ውስጥ የሙዚቃ ድግስና የኮሜዲ ምሽት የሚደራረብባቸው ናቸው። ጋዜጣችሁም መጪዎቹን ዝግጅቶች እየሰበሰበ ያወጣል፤ ለዚህ ከልብ እናመሰግናለን። ነገር ግን ገጹ ላይ የምናገኘው የአርቲስቱን ስም፣ የአዳራሹን ስም፣ ቀኑንና የመግቢያውን ዋጋ ብቻ ነው። ሙዚቃና ኮሜዲ በአንድ ትኬት በሚሸጡበት በዚህ ጊዜ አንባቢ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሊያውቀው የሚገባው ከዚህ ይበልጣል። ከሁሉ በፊት ኮሜዲያኑ በስንት ሰዓት፣ በምን ዓይነት አዳራሽ፣ ከባንዱ በፊት ነው ወይስ በኋላ መድረክ የሚይዘው?

ይህ ተራ ጥያቄ አይደለም። ባንድ ትንሽ ቢያስተጋባም ዘፈኑ አይሞትም፤ ታዳሚው ግጥሙን አስቀድሞ ስለሚያውቅ የጎደለውን ራሱ ይሞላዋል። ቀልድ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ነገር ነው፤ አንዲት ቃል ካመለጠች ሳቁም አብሮ ሄደ። በአማርኛ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ የቋንቋችን ጨዋታ ብዙ ጊዜ የሚቆመው በመጥበቅና በመላላት ላይ ነውና። «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። «ዋና» ሲላላ ውኃ ውስጥ ያስገባል፣ ሲጠብቅ ዋና ሥራ አስኪያጅ ያደርጋል። በጠበቀውና በላላው መካከል ያለው ልዩነት በጊዜ ቢለካ አንድ አስረኛ ሰከንድ ቢጠጋ ነው። ድምፅ በአየር ላይ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በአንድ አስረኛ ሰከንድ 34 ሜትር መሆኑ ነው።

እንግዲህ አንድ ሰፊ አዳራሽ አስቡ። መድረኩ ግራና ቀኝ ትልልቅ ስፒከሮች ቆመዋል፤ ኋላ ላለው ሰው ተብሎ ደግሞ ከመድረኩ 34 ሜትር ርቆ ተጨማሪ ስፒከር ተተክሏል። የሁለቱ ሰዓት ካልተስተካከለ ከተጨማሪው ስፒከር አጠገብ የተቀመጠው ሰው እያንዳንዱን ቃል ሁለቴ ይሰማል፤ መጀመሪያ ከቅርቡ፣ ወዲያው ደግሞ ከሩቁ። የመጀመሪያው «ገና» ሳያልቅ ሁለተኛው ይደረብበታል፣ የላላው የጠበቀ ይመስላል፣ የጠበቀውም ይዝረከረካል። ፊት ያሉት ይስቃሉ፣ ኋላ ያሉት «ምን አለ?» ይባባላሉ። ከዚያ በኋላ የሚወራው «ኮሜዲያኑ አልቻለም» የሚል ነው፤ ይህ ደግሞ ግፍ ነው። መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም፦ በተጨማሪው ስፒከር መስመር ላይ ለእያንዳንዱ ሜትር ርቀት 3 ሚሊ ሰከንድ ገደማ መዘግየት ይሰጠዋል። በዲጂታል ሚክሰር (የማይኮቹን ድምፅ በሚያቀላቅለው መሣሪያ) ላይ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ የሚረሳው ማንም ስለማይጠይቅ ብቻ ነው።

የአዳራሹ ዓይነት መጻፍ ያለበትም ለዚህ ነው። ሚሊኒየም አዳራሽ ለብዙ ሺህ ሕዝብና ለኤግዚቢሽን የሚመች ሰፊ ቤት ነው፤ ለባንድና ቆሞ ለሚጨፍር ታዳሚ ጥሩ ነው፣ ለብቻው ቆሞ ለሚያወራ ሰው ግን ብዙ ዝግጅት ይፈልጋል። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅርና በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው ብሔራዊ ቴአትር ግን ተናጋሪ ሲደመጥባቸው የኖሩ ቤቶች ናቸው። ሙዚቃና ቀልድ በአንድ መድረክ መቅረባቸውም አዲስ ነገር አይደለም፤ ሀገር ፍቅር ዘፈኑን፣ ውዝዋዜውንና አጭር አስቂኝ ድራማውን አብሮ ሲያቀርብ የኖረ ቤት ነው። ከዚያም በፊት አዝማሪው አለ። በካዛንቺስ የነበሩትን አዝማሪ ቤቶች የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል፦ አንዱ ከወንበሩ «ተቀበል!» ይላል፣ አዝማሪው ስንኙን ይቀበልና በማሲንቆው ይመልሰዋል፣ ቤቱ በሳቅ ይናወጣል። ጠባብ ክፍል፣ ዝቅ ያለ ጣሪያ፣ ከሰው ጉልበት አጠገብ የቆመ አዝማሪ፤ ወርቁ ያለ ማይክም ይሰማል። ያንን ቅርበት ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ማምጣት የሚቻለው በሥራ ነው።

ሥራው ምንድን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ኮሜዲያን ሳውንድ ቼክ (ታዳሚ ሳይገባ የሚደረግ የድምፅ ሙከራ) አይሰጠውም፤ «አንድ ማይክ አይደል እንዴ» ተብሎ ይታለፋል። ዘፋኙ የተጠቀመበት ማይክ ይሰጠዋል፣ በላዩ ላይ ለዘፈን የተጫነው ኤኮ እንዳለ ነው። ለትዝታ ያማረው ኤኮ ለወሬ መርዝ ነው። 10 ደቂቃ ቢሰጠው ሁሉም ይስተካከላል፦ ኤኮው ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፣ ከ100 ኸርዝ በታች ያለው ወፍራም ድምፅ ይቆረጣል፣ ድምፁም ወደ ሰብ-ውፈሮቹ (ወፍራሙን ድምፅ ብቻ ወደሚያወጡት ስፒከሮች) እንዳይሄድ ይደረጋል፤ አለበለዚያ በ«በ» እና በ«ፐ» ቁጥር ደረት ይመታል። ባንዱ ከኋላ ተተክሎ ካለ የከበሮዎቹና የሌሎቹ ማይኮች በሙሉ ይዘጉ። ስኔር ከበሮው ሥር ያለው የሽቦ መረብ በተናጋሪው ድምፅ ስለሚንዘረዘር ማላቀቂያዋ ትለቀቅ፤ ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን በእያንዳንዱ ጸጥታ ላይ የምትሰማው እሷ ናት። ኮሜዲያኑም ቢሆን የማይኩን ራስ በመዳፉ መጨበጥ የለበትም። ማይኩ ከፊት ለፊት ብቻ እንዲሰማ የሚያደርጉት ቀዳዳዎች ከራሱ ሥር ናቸው፤ እነሱ ሲሸፈኑ ከየአቅጣጫው መስማት ይጀምርና ያፏጫል።

የሳውንድ ቼክ ቅደም ተከተልም ከመድረኩ ተቃራኒ መሆን አለበት። መጨረሻ የሚጫወተው ባንድ መጀመሪያ ይሞክራል፣ መጀመሪያ የሚወጣው ኮሜዲያን መጨረሻ፤ ያን ጊዜ በር ሲከፈት መድረኩ ለመጀመሪያው ሰው እንደተዘጋጀ ይቆያል።

ከባንድ በፊት ወይስ በኋላ? ያለ ማመንታት በፊት። ለአንድ ሰዓት ተኩል ቆሞ የጨፈረ፣ ጆሮው የደነዘዘ፣ ሁለት ሦስት ቢራ የጠጣ ታዳሚን አስቀምጦ ወሬ ማስሰማት ለኮሜዲያኑ ቅጣት ነው። በሁለት ዘፋኞች መካከል እቃ ሲቀያየር «እስከዚያ አጫውትልን» ብሎ ማስገባትም እንዲሁ፤ ከጀርባው ኬብል እየተጎተተ ማን ይሰማዋል? ደግሞ አቀማመጡ አለ። ፊት ለፊት ለቪአይፒ ሶፋ ተደርድሮ ባለቤቶቹ ዘግይተው የሚመጡ ከሆነ ኮሜዲያኑ የሚያወራው ለባዶ ወንበር ነው። ሳቅ ትከሻ ለትከሻ የሚተላለፍ ነገር ነው፤ ወንበሩ ሲራራቅ ይጠፋል። በኮሜዲው 45 ደቂቃ ውስጥ አስተናጋጆች ትዕዛዝ ባይቀበሉ፣ የታዳሚው መብራትም ጨርሶ ባይጠፋ መልካም ነው፤ ተናጋሪው ፊት ማየት አለበት።

የመብራት ኃይል ሌላው ጣጣ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የጄኔሬተር ሞተር ከተጻፈበት ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን ሊያጣ ይችላል። «100 ኬቪኤ አለን» ያለ አዘጋጅ በእጁ ያለው 80 አካባቢ ሊሆን ይችላል፣ መብራቱና ድምፁ በአንድ ላይ ሲነሡም ይወድቃል። ዋናው ኃይል ተቋርጦ ጄኔሬተር እስኪነሣ ያለው ጥቂት ሰከንድ ዲጂታል ሚክሰሩን ያጠፋዋል፤ ተመልሶ እስኪነሣ ደቂቃዎች ይወስዳል። ከበሮ መቺው ያን ጊዜ ያለ ኤሌክትሪክ ሕዝቡን ሊያስጨበጭብ ይችላል፤ ቀልዱን ሊቋጭ ሲል የተቋረጠበት ኮሜዲያን ግን ምንም መላ የለውም። ለሚክሰሩና ለገመድ አልባ ማይኮቹ መቀበያ አንዲት አነስተኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲቋረጥ በባትሪ ኃይል የምትሰጥ መሣሪያ) ይህን ሁሉ ታስቀራለች። በጳጉሜን ዝናቡ ገና አልወጣም፤ እንደ ጊዮን ባለ ግቢ ውስጥ በድንኳን የሚደረግ ዝግጅት ከሆነ የኬብሎቹ መጋጠሚያ ከመሬት ከፍ ይበል፣ የመሬት ሽቦውም ለድምፁም ለባንዱ አምፕሊፋየሮችም አንድ ይሁን። የተለያየ ሲሆን ጊታር የያዘ ዘፋኝ ከንፈሩን ማይክ ላይ ሲያስጠጋ ይነዝረዋል። የድንኳን ጣሪያ ላይ ዶፍ እየወረደ ኮሜዲ ማቅረብማ አይታሰብም፤ ስለዚህ ማስታወቂያው «ከቤት ውጭ» የሚለውን ቃል ይያዝ።

ወደ ገጻችሁ እንመለስ። በፖስተር ላይ «8:00» ተብሎ ብቻ የተጻፈ ሰዓት ለአገሬው ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ ለበዓል ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለመጣው ወገን ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። የ6 ሰዓት ልዩነት! እናንተ ግን ሁልጊዜ «ከቀኑ» ወይም «ከምሽቱ» ብላችሁ ልትጽፉ ትችላላችሁ። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ የሚጀምር ከሆነም «ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ» ይባል፤ «ቅዳሜ ሌሊት 7 ሰዓት» የሚለውን አንዱ ዓርብ ማታ፣ ሌላው ቅዳሜ ማታ ይረዳዋል። የዋዜማ ዝግጅትም እንዲሁ ነው፦ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ጳጉሜን 6 ቀን ስለምትሆን የ2016 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ የዋለው በሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነበር፤ የ2015ቱ ግን በሴፕቴምበር 11። ከውጭ ሆኖ ትኬት የሚገዛ ሰው በልማድ ቢቆጥር ዋዜማው ያመልጠዋል። ሁለቱንም ቀን አብራችሁ አትሙ።

ስለ ትኬት አንድ ነገር ብቻ፦ ኪው አር ኮድ ያለውን ትኬት ፎቶ አንሥቶ ቴሌግራም ላይ መለጠፍ ይቅር። በር ላይ ያለው መሣሪያ የሚያስገባው ኮዱን መጀመሪያ ያሳየውን ነው፤ ባለቤቱ ሁለተኛ ከደረሰ ውጭ ይቀራል።

ማብቂያ ሰዓቱም ይጻፍ። ሚኒባስ ታክሲ ምሽት ሲገፋ ይሳሳል፤ ዝግጅቱ 5 ሰዓት ያልቃል ወይስ 8 ሰዓት የሚለውን ያወቀ ሰው መመለሻውን አስቀድሞ ያስባል፣ በተለይ ልጆችና አረጋውያን ይዞ የሚሄድ።

ይህ ሁሉ በገጹ ላይ ስንት መስመር ይፈጃል? ለናሙና ያህል፦ «ነሐሴ 30 (ሴፕቴምበር 5)። በር ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ይከፈታል። ኮሜዲ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ከሩብ፤ ባንድ ከ2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት። ጣሪያ ያለው አዳራሽ፣ ሁሉም መቀመጫ፣ ወንበር ቁጥር አለው። ኮሜዲው ከ18 ዓመት በታች ላሉ አይመከርም። ተጠባባቂ ጄኔሬተር አለ።» አምስት ስድስት መስመር ቢሆን ነው። አዘጋጆቹ ማስታወቂያ ሊያስወጡ ሲመጡ እነዚህን ጥያቄዎች የያዘ አንድ ቅጽ ብትሰጧቸው፣ ባዶ የተዉትንም «አልተገለጸም» ብላችሁ ብታትሙ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ራሳቸው ሞልተው ይመጣሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
በመድረክ ድምፅ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች
አዲስ አበባ