ከጭፈራው በፊት ትራክተሩ ነበር

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ስለ ቀደምት የሆሊውድ ሙዚቃዊ ኮሜዲዎች በኪነ ጥበብ ገጻችሁ የወጣው ጽሑፍ፣ በ1950 እ.ኤ.አ. ለዕይታ የበቃውን «ሰመር ስቶክ» ታሪኩ የሳሳ፣ ከጭፈራው በቀር የሚነሣ ነገር የሌለው ፊልም አድርጎ ማለፉ ቅር አሰኝቶኛል።

ጭፈራውን አላቃልልም። ጂን ኬሊ ሰው በሌለበት መድረክ ላይ ሲጢጥ የምትል አንዲት ሳንቃ በእግሩ አግኝቶ፣ ድምፅዋን ወለል ላይ ከተጣለ የጋዜጣ ገጽ ኮሽታ ጋር እያዋሐደ፣ ኋላም ወረቀቱን በጫማው እየቀደደ የሚደንስበትን ትዕይንት ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ጋዜጣ ሲቀደድ አይቼ ያልከፋኝም ያን ጊዜ ብቻ ነው።

የፊልሙ ሳቅ የሚፈልቀው ግን ከእርሻው ነው። ጁዲ ጋርላንድ የምትጫወታት ጄን፣ ምርት አልሆን ብሎ ሠራተኞቿ ጥለዋት ሲሄዱ፣ ከእጮኛዋ አባት በስንት ልመና አንድ ትራክተር ታገኛለች። በላዩ ተቀምጣ እየዘፈነች ስትነዳው ደስታዋ ገና ሳይበርድ፣ ተዋናይት ካልሆንኩ ያለችው እህቷ አቢጌል፣ አስቀድማ እንኳ ሳትነግራት፣ አንድ ሙሉ የትያትር ቡድን አስከትላ ከደጅ ትደርስና ጎተራው መድረክ ይሁንልን ትላለች። ጄንም «ሊሠራ የማይወድ አይብላ» እንደተባለው፣ እንግዶቹ የእርሻውን ሥራ እንዲያግዙ ታስገድዳቸዋለች። ላም ቀርቦ አይቶ የማያውቅ የከተማ ተዋናይ ገና በማለዳ ወደ በረት ሲነዳ ከማየት የበለጠ የሚያስቅ ምን አለ? ፊል ሲልቨርስ የሚጫወተው ሰውማ ያን በልመና የተገኘ ትራክተር ሰባብሮት ቁጭ ይላል። አምደኛው ይህን ሁሉ በአንድ መስመር እንኳ አላነሣውም።

ፊልሙ እንከን የለበትም ማለቴ አይደለም። አቢጌል ልምምዱን ትታ ኒው ዮርክ ስትገባ ጄን የእህቷን ቦታ ተክታ መድረክ ላይ ትወጣለች፤ ከዚያ ወዲያ ላሞቹን ማን እንደሚያልባቸው ግን የሚጠይቅ የለም። ጋርላንድ ጥቁር ባርኔጣና አጭር ጃኬት ለብሳ የምትዘፍንበት ዝነኛው ትዕይንት የተቀረጸው ዋናው ቀረጻ ካበቃ በኋላ በመሆኑ፣ ሰውነቷ መክሳቱ ለማንም ይታያል። ይህም ለፊልም ኩባንያው ለኤምጂኤም የሠራችው የመጨረሻው ፊልም ነው። እኔ ያን ትዕይንት ባየሁ ቁጥር፣ ድንቅነቱ ሳይጠፋኝ፣ ያቺ ትራክተር ላይ የነበረችው ሴት ወዴት ሄደች እላለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢያችሁ