ለዘበኛ ተያዥ እንጠይቃለን፤ ለልጆቻችን መሪስ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው ሳምንት ስለ ክረምት በጎ ፈቃደኞች ያወጣችሁትን ዘገባ ቡና እየጠጣሁ አነበብኩት። ችግኝ የተከሉት፣ የአቅመ ደካሞችን ቤት የጠገኑት፣ ልጆች ሰብስበው ያስጠኑት ሁሉ ተመስግነዋል። ይገባቸዋል። እኔም ከነሱ አንዷ ነኝ። እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሠፈር ልጆች ሰብስበን እናስጠናለን፣ ኳስ እናጫውታለን፣ አንዳንዴም ወጣ እናደርጋቸዋለን። ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ልጆቹ እትዬ ይሉኛል።

ዘገባው ውስጥ ግን አንድ ነገር አጣሁ። እነዚህን ልጆች የያዘው ሰው ማነው? ማን መረጠው? አንድ ነገር ቢፈጠር ማን ይጠየቃል?

ዘበኛ ስንቀጥር የምናደርገውን አስቡት። ገና ደመወዝ ሳንነጋገር ተያዥ አለህ ወይ እንላለን። የተያዡን መታወቂያ ኮፒ አድርገን መሳቢያ ውስጥ እናስቀምጣለን። የቤት ሠራተኛ ስትመጣም ያው ነው። ደላላው ይጠየቃል፣ አገሯ ይጠየቃል፣ በፊት የሠራችበት ቤት ይደወላል። ይሄ ሁሉ ለቴሌቪዥንና ለሲሊንደር ነው። 30 ልጅ ይዞ ጀልባ ላይ ለሚወጣ ሰው ግን «ጎበዝ ነው፣ ልጆች ይወዱታል» ይበቃዋል። እኔንም ማንም ምንም ጠይቆኝ አያውቅም። ሰው መውደዴ ብቻ በቃኝ።

በሌላ ሰው ከመፍረዴ በፊት የራሴን ልናገር።

ከአራት ዓመት በፊት ነው። ጥር ላይ፣ የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት። 31 ልጆች ይዘን ዘጌ ሄድን። አዋቂዎቹ ሦስት ነን። ሁለት ጀልባ ተከራየን። ጠዋት ጣና የተኛ ነበር። በታንኳ እንጨት ጭነው ወደ ከተማ የሚቀዝፉ ሰዎች ሲያጋጥሙን ልጆቹ እጃቸውን ያውለበልባሉ። ኡራ ኪዳነ ምሕረትን አየን፣ የግድግዳውን ሥዕል ተገረምንበት፣ ቡናው ጥላ ሥር ምሳችንን በላን። እስከዚህ ድረስ የሚጻፍ ጥፋት የለም።

ወደ 9 ሰዓት ገደማ ጀልባ ነጂው ተጣራ። «ንፋስ እየመጣ ነው፣ ቶሎ በሉ!» ልጆቹ እየተጋፉ ገቡ። እኔ ቆሜ «ሁሉም አለ?» አልኩ። «አለ!» አሉ በአንድ ድምፅ። ጠዋት ስንሄድ አንድ በአንድ ቆጥሬ ነበር። ስንመለስ ግን ጠየቅኩ እንጂ አልቆጠርኩም። የ30 ልጅ ጩኸትና የ31 ልጅ ጩኸት ደግሞ ለጆሮ አንድ ነው።

አሥር ደቂቃ ያህል ሄደናል። አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ነጠላዬን ሳብ አደረገች። «እትዬ፣ ወንድሜ የለም።» ሌላኛው ጀልባ ላይ ይሆናል አልኳት። ሌላኛው ጀልባ ላይ ያሉትም እኛ ጋ ነው ብለው ነበር። ዞረን ተመለስን። ሐይቁ በዚያች ሰዓት ውስጥ ሌላ ሆኗል። 31 ልጅ፣ 14 ላይፍ ጃኬት። እሱም የአዋቂ ልክ።

ልጁን ያገኘነው መንገዱ ዳር ዕቃ የሚሸጡ አንዲት እናት ጋ ተቀምጦ ዳቦ ሲበላ ነው። አላለቀሰም። ሴትየዋ ቀና ብለው አዩኝና «እኛስ አለን፤ ወደ ውሃው ወርዶ ቢሆንስ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

ይሄ ግን ትልቁ ጥፋቴ አይደለም። ትልቁን የሠራሁት ስንመለስ፣ ጀልባው ላይ ነው። ልጆቹን ሰበሰብኩና «በሉ፣ ይሄን ነገር ቤት እንዳታወሩ፤ ካወራችሁ ሁለተኛ ጉዞ የለም» አልኳቸው። «እሺ እትዬ!» አሉ። ታዛዥ ልጆች ናቸው።

ሰኞ ማታ የልጁ እናት በሬን አንኳኳች። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ቁጭ አለችና በቀስታ እንዲህ አለችኝ፦ «መጥፋቱ አይደለም ያመጣኝ። ልጅ ይጠፋል፤ እኔም ገበያ ላይ ጠፍቶብኝ ያውቃል። ልጄን ከእናትህ ደብቅ ያልሽው ለምንድነው?»

ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጅ የሚበድል ሰው ለልጁ የሚለው ቃል ምንድነው? «ቤት እንዳትናገር።» እኔ ደግሞ በቅን ልቤ፣ ሐፍረቴን ለመሸፈን ብዬ፣ 31 ልጆችን ይህንኑ ቃል አስለመድኳቸው። ነገ ክፉ ሰው ቢመጣ ግማሽ ሥራውን ሠርቼለታለሁ።

ስለዚህ አሁን የእኛ የመጀመሪያው ደንብ ይሄ ነው። አዋቂ ሰው ልጅን ከወላጅ ምስጢር አያስይዝም። ትንሽም ይሁን ትልቅ። ከረሜላ ሰጥቼሃለሁና አትናገር እንኳ አይባልም። የተፈጠረ ነገር ካለ ወላጅ የሚሰማው በዚያው ቀን፣ ከእኛው አፍ ነው። ደብተር አለን። ማን ወደቀ፣ ማን ተጣላ፣ ማን ከማን ጋር ሄደ፣ ሁሉም ይጻፋል። አንዳንዱ ሰው ይስቃል። «ለጉልበት መላጥም ደብተር?» አዎ፣ ለጉልበት መላጥም። ትንሹን መጻፍ ያልለመደ ትልቁን አይጽፍም።

ሁለተኛው ደንብ ሁለት አዋቂ ነው። አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ዝግ ክፍል ውስጥ ብቻውን አይሆንም። ልጅ ቤቱ መድረስ ካለበት ሁለት ሆነን እናደርሳለን፣ ባጃጅም ከሆነ። ሴት ልጆች ባሉበት ጉዞ ከአዋቂዎቹ ቢያንስ አንዷ ሴት ናት። ይሄን እኛ አልፈጠርነውም። የአሜሪካ ስካውቶች ዕድሜያቸው 21 የሞላ ሁለት የተመዘገቡ መሪዎች ካልተገኙ ዝግጅት አያካሂዱም። እነሱም የተማሩት በከባድ ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ድርጅቱ በኪሳራ ሕግ ከለላ ሲጠይቅ፣ በልጅነታችን ተበድለናል ብለው የካሳ ጥያቄ ያቀረቡት ከ80,000 በላይ ነበሩ። ሁሉም ወላጆች «ጎበዝ ነው፣ ልጆች ይወዱታል» ብለው የላኳቸው ልጆች ነበሩ።

እኛ አገር ስለዚህ ማውራት ነውር ነው። ይገባኛል፤ እኔም ይህን ስጽፍ ሁለት ጊዜ ሰርዣለሁ። ሕጉ ግን አላፈረም። የ1996 የወንጀል ሕግ ለአካለ መጠን ባልደረሱ ልጆች ላይ የሚፈጸምን ጥቃት አንቀጽ 626 እና 627 ላይ አስቀምጦታል። ተበዳዩ የጥፋተኛው ተማሪ ወይም በአደራ የተሰጠው ልጅ ከሆነ ደግሞ ቅጣቱ ይከብዳል። አደራ በላ የሚለው ቃላችን ሕግም ውስጥ ቦታ አለው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ የሚኬደው ፖሊስ ጣቢያ ነው። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ቡና ተፈልቶ፣ «ስሟ እንዳይጠፋ» ተብሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ሽምግልናን አከብራለሁ፤ የአጥር ድንበር ሲያጣላን አስታርቆናል። ይሄ የአጥር ድንበር አይደለም።

ስለ ኩርኩምም ልናገር፤ ብዙ መሪዎች የሚቆጡኝ እዚህ ላይ ነው። «እኛ ተገርፈን አይደል ያደግነው?» ይላሉ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ሕፃናት በትምህርት ቤትና በሚያዙባቸው ተቋማት አካላቸውን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ይላል። የኳስ አሠልጣኝ ልጅ አርፍዶ ስለመጣ ጠጠር ላይ ማንበርከክ አይችልም። እኛ ጋ ያረፈደ ልጅ ኳሶቹን ይነፋል። ፓምፑ አንድ ስለሆነና ስለሚያንገላታ በቂ ቅጣት ነው።

አሁን ወደ ሐይቁ ልመለስ፤ ባሕር ዳር ስንኖር ነገሩ ሁሉ ዞሮ ውሃ ጋ ይደርሳልና። እዚህ ተወልዶ ዋና የማይችል ሰው ብዙ ነው። እኔም አልችልም። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታው ግን 14 ሜትር ገደማ ነው። ውሃው ጥልቅ ስላልሆነ ንፋስ ሲነካው ቶሎ ይናደዳል። ጠዋት ይተኛል፣ ከሰዓት ይነሳል። ጀልባ ነጂዎቹ ሁሉ ያውቁታል። ስለዚህ ጉዞ ካለን ጠዋት 2 ሰዓት ተነስተን ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት መሬት እንነካለን። ምሳ ቤት ይበላል።

ላይፍ ጃኬት አለ ማለት ብቻውን አይበቃም። የአዋቂ ጃኬት ልጅ ላይ ሲደረግ ያምራል፤ ውሃ ውስጥ ግን ጃኬቱ ይንሳፈፍና ልጁ በሥሩ ሾልኮ ይወጣል። መሞከሪያው ቀላል ነው። ልጁን አልብሱት፣ ማሰሪያውን አጥብቁ፣ ከዚያ ጃኬቱን ከትከሻው ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ጆሮው ጋ ከደረሰ ልኩ አይደለም። የኛዎቹ 14 ጃኬቶች በሙሉ ጆሮ አልፈው ሄዱ። ለካ ያን ቀን የለበሱትም እንዳልለበሱት ነበሩ።

ውሃ ውስጥ ሳይወድቁም ሐይቁ ሌላ ጣጣ አለው። እምቦጭ ጣና ላይ መኖሩ ከታወቀበት ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ስንት ወጣት በእጁ ሊነቅለው ወገቡ ድረስ ገብቷል። ፍቅሩን አደንቃለሁ። ግን ብልሃርዝያ በቆዳ በኩል ይገባል፤ የሚይዘውም ውሃ ውስጥ ከሚኖረው ቀንድ አውጣ በሚወጣው ትል ነው። አዋቂ ሰው አውቆ ይገባል። የ12 ዓመት ልጅ ግን ያለ ቦት ጫማና ያለ ጓንት ተገፋፍቶ መግባት የለበትም። ዳር ቆሞ የተነቀለውን ይቁጠር። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አካባቢ ደግሞ አመሻሽ ላይ ጉማሬ ሣር ፍለጋ ይወጣል። ጉማሬ ለፎቶ አይቆምም።

ፎቶ ስል፣ ስልክ። የልጆች ፎቶ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ የምንለጥፈው ለማን ብለን ነው? እኛ ወላጅ ሳይፈቅድ አንለጥፍም። ለልጅ በውስጥ መስመር ቴሌግራም መጻፍም የለም። መልዕክት ካለ ወላጆች ባሉበት ግሩፕ ይጻፋል፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት።

ከሁሉም ያስቸገረን ቅጹ ነው። ልጁ አስም አለበት ወይ? የሚጥል በሽታ? የማይስማማው ምግብ? ማን ይደወልለት? አንዳንድ ወላጅ «የኔ ልጅ ጤነኛ ነው!» ብሎ ይቆጣል። አንድ አባት ግን ቅጹን ሞልተው ከሄዱ በኋላ ከበሩ ተመልሰው መጡ። እስክሪብቶውን ተቀብለው አንድ መስመር ጨመሩ። ምን እንደጻፉ አልናገርም። ከዚያ ወዲህ የዚያ ልጅ ቦርሳ ሁሌ ከአንዱ መሪ ጋር ነው የሚሄደው።

«ደመወዝ በሌለው ሥራ ይሄ ሁሉ ጣጣ ከመጣ ማን በጎ ፈቃደኛ ይሆናል?» የሚል አይጠፋም። እኛም ፈርተን ነበር። ተያዥ አምጡ፣ መታወቂያ አምጡ፣ በፊት ከልጆች ጋር የሠራችሁበት ካለ ስልኩን ስጡን ስንል ሁለት ሰዎች ቀሩ። ለምን እንደቀሩ አላውቅም፤ ምናልባት ዝም ብሎ ሰልችቷቸው ይሆናል። ሌሎቹ አመጡ። ወደ ውጭ አገር ለሥራ የሚሄድ ሰው ከወንጀል ነፃ ለመሆኑ አሻራ ለመስጠት ይሰለፋል። ለሠፈሩ ልጆች አንድ ኮፒ ማስነሳት ይከብዳል? ደንቡ ደግሞ መሪውንም ይጠብቃል። አንድ ቀን ሐሜት ቢነሳ፣ ሁልጊዜ ሁለት ሆኖ የሠራ ሰው የሚመሰክርለት አለው።

ጥያቄዬ ለክረምት በጎ ፈቃድ አስተባባሪዎች፣ ለሰንበት ትምህርት ቤትና ለመድረሳ ኃላፊዎች፣ ለሠፈር ኳስ ቡድን አሠልጣኞች ነው። ደንባችሁን አንድ ገጽ ላይ ጻፉና በር ላይ ለጥፉት፤ ወላጅ ቆሞ ያንብበው። እናንተም ጋዜጠኞቹ፣ በሚቀጥለው ክረምት ስለ በጎ ፈቃደኞች ስትዘግቡ ስንት ችግኝ ተተከለ ብላችሁ ከጠየቃችሁ በኋላ ልጆቹን የያዘው ማነው፣ ተያዡስ ማነው ብላችሁ ጠይቁልን።

እኛ በበኩላችን ዘንድሮም ደብረ ማርያም ደሴት ልንሄድ አስበናል። 26 ልጆች ተመዝግበዋል። በልጅ ልክ የሆነ ላይፍ ጃኬት ያለን 15 ነው፣ ወላጆች ተዋጥተው የገዙት። 11 ይጎድላል። እስኪሟላ ድረስ ቤዛዊት ኮረብታ በእግር እንወጣለን፤ ሐይቁ ከዚያ ሆኖም በደንብ ይታያል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ
ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር