ከውጭ የተቆለፈ በር

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባጃጅ ነጂ ነኝ፣ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ጥላ ሥር ተራ የምጠብቅ። ለጋዜጣ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ባለቤቴ ሶሻል ወርከር ናት። ቤት ለቤት እየዞረች ጧሪ ያጡ ሽማግሌዎችን፣ አካል ጉዳተኞችንና የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ታያለች። የትራንስፖርት አበሏ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል። ከዚያ በኋላ የትራንስፖርት ክፍሉ እኔ ነኝ።

ማታ ቤት ስትገባ ስለ ሥራዋ ትንፍሽ አትልም። «የሰው ገመና ነው» ትላለች። ስለዚህ የምጽፈው ከባጃጄ ላይ ሆኜ ያየሁትንና ሰዎቹ ራሳቸው የነገሩኝን ብቻ ነው። ሰፈሩን አልጠራም፤ ደቻቱ ወንዝ ዳር መሆኑ ይበቃል።

ግንቦት ነው፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። የድሬን ስምንት ሰዓት የሚያውቅ ያውቀዋል። ቤቱ ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ ነው። በሩ ላይ ትልቅ ጓጉንቸር ቁልፍ ከውጭ ተንጠልጥሏል። ባለቤቴ አንኳኳች።

«ቦንዡር» አለ ከውስጥ የሽማግሌ ድምፅ። የድሮ የባቡር ሰው መሆኑን በዚያች የፈረንሳይኛ ቃል አወቅኩ።

«እንዴት ዋሉ አባባ? ውሃ አለዎት?»

«አንቱ ምንድነው አቦ! አርጅቻለሁ እንዴ?»

እኛ ድሬዎች ትልቁንም ትንሹንም አንተ ነው የምንለው። እሷ የጎንደር ልጅ ናት፣ እስከዛሬ አልለመደላትም። ውሃው አልቆበታል። የያዝነው ሃይላንድ በበሩ ሥር አላልፍ አለ። ግማሹን ደፋችና ጨምቃ ጠፍጣፋ አደረገችው፣ ክዳኑን ጠበቅ አድርጋ አሾለከችለት። ጠጣ። «ሆጃ ቢሆን ኖሮ» አለ፤ በወተት የምናፈላውን መጠጣችንን ማለቱ ነው።

ይህን ጊዜ የእህቱ ልጅ እየሮጠች መጣች። ጮኸች፣ ተሳደበች። ጎረቤትም ወጥቶ ባለቤቴን «አንቺን ምን አገባሽ?» አላት። እኔ ሞተሬን አስነስቼ ጠበቅኩ። በሆዴ ግን ልጅቷን ረግሜያለሁ፣ አልዋሽም።

ከሳምንት በኋላ ያቺው ልጅ ሸቀጧን ይዛ ወደ ታይዋን ገበያ በእኔ ባጃጅ ተሳፈረች። አወቀችኝና መንገዱን ሙሉ አወራችኝ። አጎቷ የመርሳት በሽታ ይዞታል። ሌሊት ይነሳና ሥራ ረፈደብኝ ብሎ ወደ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ይወጣል። ሁለት ጊዜ ጠፍቷል። አንዴ ያገኙት ደቻቱ አሸዋ ላይ ተኝቶ ነው። «ካልቆለፍኩ ይጠፋል፣ ካልሸጥኩ አንበላም» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ልጽፈው ነው ስላት «ጻፈው፣ ስሜን ብቻ ተው» አለች።

በ1998 ክረምት ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። ያን ሌሊት በሩ ያልተቆለፈበትም አላመለጠም። ከውጭ የተቆለፈበትስ?

ሕጉ ምን እንደሚል ባለቤቴን ጠየቅኳት። ይህንን እንኳ ደስ ብሏት ነው የምትመልሰው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንንና አካል ጉዳተኞችን ይርዳ ይላል። እኛ ከተማ የሚሠራው የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ደግሞ ልጅ ወላጁን፣ ወንድም ወንድሙን እንዲቀልብ ያስገድዳል። የእህት ልጅ ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለችም። ማንም ያላስገደዳትን ነው የተሸከመችው።

ባለቤቴ ሦስት ጊዜ ተመላልሳ፣ ቡናቸውን ጠጥታ አግባባቻቸው። ሁለተኛው ቁልፍ አሁን ጎረቤት ጋ ነው። ጠዋት ይከፈትለታል። ከሰዓት ጎረቤትየው በርጫ ላይ ሲቀመጥ ሽማግሌውም አጠገቡ ነው፤ ጫቱን አይሰጡትም እንጂ ወሬው ደርቶለታል።

ሁሉም ግን እንደዚያች ልጅ አይደለም። በአክስቱ ውክልና ጡረታዋን እየወሰደ እሷን የሚያስርብም አይቻለሁ። ሴትዮዋ ውክልና እንደሚሻር አታውቅም ነበር። ልትሽር ስትሄድ ያደረስኳት እኔ ነኝ። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ ቤቶች አንድ ናቸው፤ ዝግ በር፣ የከሳ ሽማግሌ። የቱ ክፋት፣ የቱ ጭንቀት እንደሆነ የሚለየው ገብቶ የተቀመጠ ሰው ነው።

ያ ሰው ደግሞ ብቻውን ነው የሚሄደው። የውክልናው ጉዳይ ካለቀ በኋላ ሰውየው ባለቤቴን መንገድ ላይ ጠብቆ «እግርሽን እሰብረዋለሁ» አላት። ለአለቃዋ ነገረች። «ሪፖርቱን ጨርሺ» ተባለች። ያን ሰሞን እንቅልፍ አልነበራትም። ለእኔ እንዳትነግረኝ ገመና ነው፣ መሥሪያ ቤት ደግሞ ቁጭ ብሎ የሚሰማት የለም። የእኔ ባጃጅ እንኳ ቀን ቆጥሮ ዘይት ይቀየርለታል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አስቸጋሪ ቤት ሲኬድ ሁለት ሆነው ይሂዱ። በሳምንት አንድ ሰዓት ልምድ ካለው ሰው ጋር ተቀምጠው የገጠማቸውን ይነጋገሩ፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ዘንድ ቢወራ ገመና አይወጣም። ጎረቤትም «ምን አገባሽ» ከማለቱ በፊት ቁልፉን ይይ።

እስከዚያው ሁለተኛው ሰው እኔ ነኝ። ሥልጠና የለኝም፤ ሞተር አስነስቼ እጠብቃለሁ።

አንድ ባጃጅ ነጂ፣ ከድሬዳዋ