የሚቀጥለው መንቀጥቀጥ መቼ ነው?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በመስከረም 2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራ ተራሮች አካባቢ የጀመረው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ፣ ከብዙዎች አፍ የወጣው ጥያቄ «ቀጣዩ መቼ ነው?» የሚል ነበር። የመንቀጥቀጥን ቀን፣ ቦታና መጠን ለይቶ አስቀድሞ የሚናገር ሳይንስ ግን እስካሁን በየትም አገር የለም፤ ቀኑን አውቃለሁ የሚል ሁሉ፣ ማዕረጉ ምንም ይሁን ምን፣ ሊታመን አይገባም።

ይህ ማለት ግን ሳይንሱ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል ማለት አይደለም። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር ዳባሁ አካባቢ ቅልጥ አለት 60 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ስንጥቅ ሰርጎ መሬቱን በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ሲከፍተው፣ የሳተላይት ራዳር የመሬቱን ማበጥና መስመጥ ለክቶ ከሥር የሚሆነውን ለማወቅ አስችሏል። በፈንታሌም ይኸው ዘዴ መንቀጥቀጡ ከቅልጥ አለት ግፊት ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ ቀን መቁረጥ ባይቻልም፣ አደጋው እየጨመረ ነው ወይስ እየቀነሰ የሚለውን በግምት ደረጃ መናገር ይቻላል።

የጎደለው ይህ ግምት ለሚመለከተው ሰው የሚደርስበት መንገድ ይመስለኛል። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ከቀያቸው በተነሡበትና የከሰም ግድብ በሚገኝበት አካባቢ፣ የባለሙያዎች ግምገማ በየሳምንቱ በአፋርኛ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ በሬዲዮ ሊነገር ይገባል፤ መግለጫውም «አትደናገጡ» ብቻ ሳይሆን፣ ምን እንደተለካና ነዋሪው ምን ማድረግ እንዳለበት የሚገልጽ ይሁን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ