ሁለት ስልክና አንድ መስታወት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ አባት በዚህ ገጽ ላይ የጻፉትን አነበብኩ። ልጆቻቸው ዓይናቸውን ከስልክ ላይ እንደማያነሱ፣ ቲክቶክ ቀናቸውን እንደበላው ጽፈዋል። «ይሄ ትውልድ ያያል እንጂ አይሠራም» ብለው ነው የጨረሱት። ጭንቀታቸው ይገባኛል። እኔም ልጆች አሳድጌያለሁ። «አይሠራም» የምትለዋ ቃል ግን እንቅልፍ ነሳችኝ። ያየሁትን ልንገራችሁና እናንተ ፍረዱ።

እኔ ድሬዳዋ ፎቶ አንሺ ነኝ። ሥራውን ከጀመርኩ 31 ዓመቴ ነው። ያኔ አንድ ፊልም 36 ፎቶ ነበር። ሰርግ ሲጠሩኝ ሁለት ፊልም ይዤ እሄዳለሁ። ከ72 በላይ ማንሳት የለም። ሙሽራዋ ዓይኗን ጨፍና እንደሆነ የሚታወቀው ፊልሙ ሲታጠብ ነው። ለመታወቂያ የሚሆነውን ጥቁርና ነጭ ጉርድ ፎቶ ራሴ ነበርኩ የማጥበው፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ በቀይ መብራት። በድሬ ሙቀት መስኮት የሌለው ክፍል ዘግቶ መሥራት ምን ማለት እንደሆነ የድሬ ሰው ያውቀዋል። ወረቀቱ መድኃኒቱ ውስጥ ሆኖ የሰው ፊት ቀስ እያለ ብቅ ሲል ግን ሙቀቱ ይረሳል።

የዛሬ ስልክ ቪዲዮ ሲቀርጽ በሰከንድ 30 ምስል ያነሳል። የኔ አንድ ፊልም ከሰከንድ ትንሽ አለፍ ሲል አለቀ ማለት ነው። ለብዙ ዓመት ይሄ ነገር ሙያዬን ያረከሰው ይመስለኝ ነበር። ስልክ የያዘ ልጅ ሱቄ በር ላይ ሲቆም ፊቴን አዞርበት ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረችኝ የጎረቤቴ ልጅ ናት። 10ኛ ክፍል ናት።

ከእሷ በፊት ግን ስለ ጎርፉ መናገር አለብኝ።

በ1998 ሐምሌ ሲያልቅ፣ በሌሊት፣ የደቻቱ ወንዝ ሞላ። ከላይ ደጋው ላይ የዘነበው ነው ወርዶ የመጣብን። ደቻቱ በአዘቦቱ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። በዚያች ሌሊት ግን ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። የኔ ፎቶ ቤት ያኔ መጋላ ሠፈር፣ ወንዙ ዳር ነበር። የኔን ኪሳራ ሰው ከሞተበት ሰው ሐዘን ጋር አላወዳድርም። የሄደብኝ ግን የ11 ዓመት ኔጋቲቭ ነው፣ ፎቶ የሚታተምበት የታጠበ ፊልም። መዝገቡም አብሮ ሄደ። ከዚያ ሰዎች መምጣት ጀመሩ። «ጋሼ፣ የእናቴ ፎቶ አንተ ጋ ይኖራል?» «የልጄ ጉርድ ፎቶ አለህ?» ለለቅሶው የሚያቆሙት አንድ ፎቶ እንኳ ያልነበራቸው ነበሩ። አንዲት ሴት የወንድሟን ፎቶ ፍለጋ ሦስት ቀን ተመላለሰች። የለም አልኳት። ሌላ የምለው አልነበረኝም።

የተረፈው ላይኛው መደርደሪያ ላይ የነበረ አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ነው። ውስጡ ወደ 700 ኔጋቲቭ አለ። መዝገብ ስለሌለ ማን ማን እንደሆነ አላውቅም። ፊልም የሚያጥቡና የሚያትሙ ቤቶችም አንድ በአንድ ተዘጉ። ሳጥኑን ከዚራ ሠፈር ባለው አዲሱ ሱቄ ጓዳ አስቀመጥኩት። ዓመታት አለፉ።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ድሬ በሙቀቱ ጋደም ባለበት ሰዓት፣ ልጅቷ ጉርድ ፎቶ ልትነሳ መጥታ ሳጥኑን አየችው። «ጋሼ ይሄ ምንድን ነው?» ኔጋቲቭ አይታ አታውቅም። አንዱን ወደ ብርሃን አንስቼ አሳየኋት። ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ እንደሚቀመጥ ነገርኳት። ዝም ብላ ብዙ አየችው። ከዚያ «ስልኬ እኮ ይገለብጠዋል» አለች።

በማግስቱ የእናቷን ስልክ ይዛ መጣች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስተኛችው። ስክሪኑን ሙሉ ነጭ አደረገችና ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። ኔጋቲቩን እላዩ ላይ አስቀምጣ በራሷ ስልክ ከላይ አነሳችው። ከዚያ በፎቶ ማስተካከያው ቀለሙን ገለበጠችው። የመጀመሪያው አላማረም። የታችኛው ስክሪን ነጠብጣብ ምስሉ ላይ ታየ። እዚህ ላይ እኔ ገባሁ። ከፍሬም ላይ መስታወት ፈታሁ፣ አራት የክብሪት ቀፎ ከሥሩ አድርጌ ከስክሪኑ ከፍ አደረግኩት። ኔጋቲቩን መስታወቱ ላይ ስናስቀምጠው ነጠብጣቡ ደብዝዞ ጠፋ። እንዳያንጸባርቅ የሱቁን መብራት አጠፋን። ሦስት ወጣት ሴቶች ከአንድ ብስክሌት ጋር ቆመው ወጡ። ስቀው ያዩናል።

ቀጥሎ የሆነውን ግን ጨርሶ አልጠበቅኩትም።

ልጅቷ ፎቶውን የድሬ ልጆች በሚገናኙበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቀችው። «እነዚህን የሚያውቅ አለ?» ብቻ ነው ያለችው። ሰው በጽሑፍ አልመለሰም፣ በድምፅ ነው። ከጅቡቲ አንድ ሰው በሶማሊኛ፣ ብስክሌቱ የልጆቹ ሳይሆን የፎቶ ቤቱ ነው አለ። እሱም በዚያው ብስክሌት ተነስቷል። ልክ ነው፣ ለፎቶ ብዬ የማቆመው ቀይ ብስክሌት ነበረኝ። ከካናዳ አንዲት ሴት በኦሮምኛ፣ መሃል ላይ ያለችው አክስቴ ናት አለች። ጫማው ግን የአክስቷ አይደለም፣ ከእህቷ ተውሳው ነው። ሳቢያን የሚኖሩ አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ ደግሞ በአማርኛ፣ «ይሄ ደሞዝ የወጣ ሰሞን ነው፣ የለገሃር ልጆች እንዲህ ለብሰው የሚወጡት ያኔ ነበር» አሉ። አንዱ አንዱን እያረመ፣ እየተሳሳቁ፣ እኩለ ሌሊት አለፈ።

ልጅቷ እነዚህን ድምፆች ካፕካት በሚባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ ሰብስባ ከፎቶው ጋር አገጣጠመቻቸው። በፎቶው ውስጥ ማንም አይንቀሳቀስም። ዓይናችን ብቻ ቀስ እያለ ወደ ብስክሌቱ ይጠጋል፣ ወደ ጫማው ይወርዳል፣ ወደ መሃለኛዋ ፊት ይመለሳል። ሰዎቹ በሦስት ቋንቋ ይከራከራሉ፣ የአማርኛ ትርጉሙ ከሥር በጽሑፍ ያልፋል። ሁሉም 1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ነው። እኔ ፎቶ ዝም የሚል ነገር ነው ብዬ ነበር ዕድሜዬን ሙሉ የማስበው። ይሄ ፎቶ ነው? ፊልም ነው? ሬዲዮ ነው? ስሙን አላውቅለትም። ብቻ ከዚህ በፊት አላየሁትም። ሱቅ ሲገባ በአንዱ ቋንቋ፣ ሲከፍል በሌላው፣ ሲሰነባበት በሦስተኛው የሚያወራ የድሬ ልጅ ነው እንዲህ ዓይነት ነገር የሚያስበው።

እስካሁን እንዲህ ያለ 23 ቪዲዮ ሠርተናል። አንዲት እናት የኔን አጥፉልኝ አሉ፣ በዚያው ሰዓት አጠፋነው።

እንግዲህ ያ አባት «አይሠራም» ሲሉ ይሄ ነው የመጣብኝ። ስልኩ ያው ስልክ ነው። የጎረቤቴም ልጅ ከዚያ በፊት ስታይ ነበር የምትውለው። የለወጣት ሁለት ነገር ነው። እጇ የሚገባ ዕቃ አገኘች፣ «እስቲ እንሞክረው» የሚል ሽማግሌ አገኘች። ብዙዎቹ ልጆች ሁለተኛውን አላገኙም።

ስልክ ለእኛ ወገን እንግዳ አይደለም። በምኒልክ ዘመን የመጀመሪያው የስልክ መስመር የተዘረጋው በሐረርና በአዲስ አበባ መካከል ነው፣ 477 ኪሎ ሜትር። በነሐሴ 2014 ሳፋሪኮም ኔትወርኩን ሲሞክር የጀመረው ከድሬዳዋ ነው። ያን ጊዜ ሰልፍ ይዘው ሲም ሲገዙ ያየኋቸው ልጆች ናቸው ዛሬ ሥራ ፈት የሚባሉት።

ለልጆቹም የምለው አለኝ፣ ከሙያ አንጻር። ቀትር ላይ አታንሱ። የድሬ ፀሐይ ከአናት ስትመታ ዓይን ጉድጓድ ይሆናል። ጠዋት በጊዜ ወይ ከ10 ሰዓት በኋላ አንሱ። ግድ ከሆነ አንድ ሰው ነጭ ነጠላ ዘርግቶ ከላይ ይያዝላችሁ፣ ብርሃኑ ይለሰልሳል። ድምፅ ስትቀዱ ስልኩን ከሰውየው አፍ አንድ ስንዝር ብቻ አርቁት፣ ቬንቲሌተሩንም አጥፉ። ከሁሉም በላይ ዋናውን አስቀምጡ። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ስትልኩት ይጨምቀዋል፣ ጥራቱ ይወርዳል። በፋይል ላኩት፣ እንደነበረ ይደርሳል። አንድ ኮፒ ስልካችሁ ላይ፣ አንድ ኮፒ ፍላሽ ላይ፣ አንድ ኮፒ ሌላ ሰው ቤት። እኔ ሁሉንም ወንዝ ዳር አንድ ክፍል ውስጥ ነበር ያስቀመጥኩት።

አሁን ያሳዘነኝን ልናገር። ልጅቷ ስልኳን ትምህርት ቤት ተነጥቃ ሁለት ሳምንት ቆየባት። ክፍል ውስጥ ስልክ ማውጣት ልክ አይደለም፣ ይሄን እኔም ነግሬያታለሁ። ሲመለስላት ግን ተሰብሮ አይበራም ነበር። ውስጡ እኒያ የምድር ባቡር ጡረተኛ ስለ ሥራ ዘመናቸው የነገሯት የ40 ደቂቃ ድምፅ ነበር። ኮፒ አላደረገችውም ነበር። ስልኩን ሲወስዱ ምን እየሠራሽበት ነው ብሎ የጠየቃት የለም። ሰውየው አሁን ታመዋል። ደግመው እንዲነግሩን መጠየቅ ከብዶናል።

እንደሳቸው ያሉ ሰዎች በየሠፈሩ አሉ። ባቡሩ ድሬ የደረሰው በ1895 ነው፣ ከተማዋም የተወለደችው ከእሱ ጋር ነው። በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር በ2009 ሲመረቅ ጣቢያው ከከተማ ውጭ ሆነ። የድሮው ጋራዥ ግን ከነማሽኖቹ መሃል ከተማ አለ። የእያንዳንዱን መፍቻ ስም በፈረንሳይኛ የሚጠሩ፣ ሊትሪናውን፣ ያን በናፍጣ የሚሄደውን የመንገደኛ ባቡር፣ በድምፁ ብቻ ምኑ እንደታመመ የሚያውቁ ሰዎች ጠዋት ጠዋት ቡና ጠጥተው ቤታቸው ይቀመጣሉ። የአማርኛ መምህር «ሂዱና አንድ ሰው ጠይቃችሁ፣ የ2 ደቂቃ ሥራ ሠርታችሁ አምጡ» ብሎ የቤት ሥራ ቢሰጥ ምን ያጎድልበታል? ስልኩን ለአንድ ሰዓት በፈቃድ ያውጡት። ማን እንዴት እንዳነሳው፣ የቱ ድምፅ እንደተሰማ ክፍል ውስጥ ተነጋገሩበት። ማርክም ስጡበት።

ቅርባችን ሐረር ምሳሌ አለን። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ የቆዩ ካሴቶችና የእጅ ጽሑፎች መሰብሰብ የጀመሩት በራሳቸው ቤት ነው። ዛሬ ጀጎል ውስጥ፣ ራስ ተፈሪ ይኖሩበት በነበረው ቤት ሙዚየም ሆኖ ሰው ከውጭ አገር ድረስ እየመጣ ያየዋል። የእጅ ጽሑፎቹ ይጠገናሉ፣ በዲጂታልም ይቀዳሉ። አንድ ሰው ቤቱ ውስጥ የጀመረው ነገር ነው።

የወንድሟን ፎቶ ፍለጋ የተመላለሰችው ሴት ዛሬም በከዚራ ታልፋለች። ቪዲዮዎቹን ልጆቿ አሳይተዋታል። ባለፈው ሳምንት በሩ ላይ ቆማ «እስካሁን አልወጣም?» አለችኝ። አልወጣም። ሳጥኑ ውስጥ ገና ያላየናቸው ወደ 300 ይቀራሉ። እኔና ልጅቷ ብቻችንን አንችለውም፣ የእሷም ፈተና ደርሷል። እሁድ እሁድ ከ3 ሰዓት ጀምሮ ሱቁ ክፍት ነው። የዚያ አባት ልጆች ድሬ የሚመጡ ከሆነ ስልካቸውን ይዘው ይምጡ። መስታወቱ እኔ ጋ አለ።

ከአክብሮት ጋር
ፎቶ አንሺው፣ ከዚራ፣ ድሬዳዋ