ከክኒን ወደ መርፌ፦ 6 ሰዓት የቱ ነው?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በየዓመቱ ኅዳር 5 ቀን ገደማ፣ የዓለም የስኳር ሕመም ቀን ሲመጣ፣ ጋዜጦች ስለ ስኳር ይጽፋሉ። አንድም አያመልጠኝም። ጣፋጭ ቀንሱ፣ ተንቀሳቀሱ፣ ተመርመሩ ይላሉ። እውነት ነው። ግን ይህ ምክር ይበልጥ የሚጠቅመው ገና ስኳር ያልያዘውን ሰው ነው። 11 ዓመት ክኒን ስንውጥ ኖረን አንድ ቀን “ከዛሬ ጀምሮ መርፌ ነው” የተባልነውስ? ለኛ የተጻፈ ስፈልግ አጣሁ። እስቲ እኔው ልሞክረው።

የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቤቴ ፒያሳ አካባቢ ነው፣ መሥሪያ ቤቴ ደግሞ ብሔራዊ ቴአትር ጋ። ስኳሩ የተገኘብኝ በ46 ዓመቴ ነው። መጀመሪያ ሜትፎርሚን ብቻ ነበር፣ በኋላ ግሊቤንክላማይድ ተጨመረ። እውነቱን ለመናገር በክኒኑ ዘመን ራሴን እንደ በሽተኛ ቆጥሬው አላውቅም። ከቁርስ ጋር ዋጥ፣ ከዚያ ወደ ሥራ። አለቀ። ባለፈው ዓመት ግን የጠዋቱ ስኳሬ ከ250 አልወርድ አለ። የሦስት ወሩን አማካይ ስኳር የሚያሳየው ምርመራም ያንኑ አሳየ። ሐኪሙ ካርዴን ሲያገላብጥ ቆየና “ቆሽትዎ ደክሟል፣ ኢንሱሊን እንጀምራለን” አለኝ።

እኛ ቆሽትን የምናስታውሰው ስንናደድ ነው፤ “ቆሽቴ አረረ” እንላለን። የዚያን ቀን የኔ በሁለቱም በኩል አርሮ ነበር።

ሰፈራችን ውስጥ መርፌ ማለት መጨረሻ ነው። “እገሌ መርፌ ገባ” ሲባል ድምፅ ዝቅ ይደረጋል። አንዲት ጎረቤታችን ሊጠይቁኝ መጡ፤ የለቅሶ ያህል ነጠላቸውን አጣፍተው። ይዘውልኝ የመጡት ደግሞ አንድ ሊትር ማንጎ ጁስ ነው። ባለቤቴ “ምግብህን ያላስተካከልኩት እኔ ነኝ” ብላ ስታለቅስ አመሸች። ማንም አላጠፋም። የኔ ዓይነቱ፣ በጉልምስና የሚመጣው ስኳር ሲቆይ ቆሽት የሚያመርተው፣ ስኳርን የሚያወርደው ኢንሱሊን ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ይሄዳል። ግሊቤንክላማይድ ቆሽትን “አምጣ፣ አምጣ” እያለ የሚጎተጉት ክኒን ነው። የደከመ በሬ በጅራፍ ቢሉት አንድ ትልም ቢጨምር ነው። ይህን አንድ ሰው በጊዜው ቢነግረን ኖሮ ቤታችን ያን ያህል ለቅሶ ቤት ባልመሰለ።

ደግሞስ ኢንሱሊን የሞት ዋዜማ ነው ያለው ማነው? የተገኘው ቶሮንቶ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። በ1922 ጥር ላይ መጀመሪያ የተወጋው የ14 ዓመት ልጅ ከሞት አፋፍ ተመልሷል። ከዚያ በፊት ስኳር የያዘው ልጅ ማለቂያው ይታወቅ ነበር።

ወደ ራሴ ልመለስ። መርፌውን የጀመርኩበትን ተቋም ስም አልጠራም፤ የአንድ ቤት ችግር አይመስለኝም። ነርሷን አልወቅስም። ከኋላዬ ወንበሩ ሞልቶ የቆመውን ሰው አይቼዋለሁ። ብልቃጡንና ሲሪንጁን አሳየችኝ። ሆዴን በጣቷ ነካ አድርጋ “እዚህ ጋ” አለችኝ። ቁራጭ ወረቀት ላይ “14 በ6:00፣ 8 በ6:00” ብላ ጻፈችልኝ። አምስት ደቂቃ አልሞላም። ቀጣዩ ሰው ተጠራ።

እኔ የማውቀው 6 ሰዓት የምሳ ሰዓት ነው። በማግስቱ ልክ በ6 ሰዓት ቢሮ ሽንት ቤት ገብቼ፣ በሩን በትከሻዬ ደግፌ፣ 14 ዩኒት (የኢንሱሊን መለኪያው ነው) ወጋሁ። ማታ ደግሞ አላርሜን ለሌሊቱ 6 ሰዓት ሞልቼ ጋደም አልኩ። ልጄ “አባዬ፣ በውድቅት ሌሊት ምን ልትሆን ነው?” አለችኝ። ወረቀቱን ሰጠኋት። አይታው በሳቅ ፈረሰች። ከዚያ ሳቋ ድንገት ቆመ። ለካ የፈረንጅ ሰዓት ኖሯል። ጠዋት 12 እና ማታ 12 ለማለት ነው። በራሳችን አቆጣጠር ቢጻፍ ከዚህ የሚቀል ነገር ባልነበረ፤ ሁለቱም 12 ነው፣ ሕፃን ልጅም አይረሳው።

ሲሪንጁም የራሱ ጉድ አለው። ትልቁ፣ የ100 ዩኒቱ፣ ብዙውን ጊዜ አንዷ ትንሽ መስመሩ 2 ዩኒት ናት። በትንሹ፣ በ50ው፣ አንዷ መስመር 1 ዩኒት ናት። ፋርማሲ አንዱን ሲያጣ ሌላውን ይሰጥሃል፤ ምንም አይልህም። መስመር እየቆጠረ የለመደ ሰው መጠኑን እጥፍ ወይም ግማሽ አደረገው ማለት ነው። ቁጥሩን ነው ማንበብ። ይህን የተማርኩት ተራ ስንጠብቅ አጠገቤ ከተቀመጡ አንድ አዛውንት ነው፤ ከነርሷም ከፋርማሲውም አይደለም።

ብልቃጡን መፈተግ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። የኔው ኢንሱሊን ኤንፒኤች የሚሉት ነው፤ ሲቀመጥ ነጩ ከታች ይዘቅጣል። አይናጥም። በሁለት መዳፍ መካከል አስገብቶ በቀስታ ማንከባለል ነው፣ ጧፍ እንደምንጠቀልለው። መልኩ የተበጠበጠ አብሽ ሲመስል ተዘጋጅቷል። አሁን በየጠዋቱ ይህን ሳደርግ ባለቤቴ “ቀዳሹ ተነሡ” ትለኛለች። መርፌው ራሱ? ትንኝ ከነከሰው አይብስም። ሦስት ወር ሙሉ የፈራሁት ለዚህ መሆኑ ያናድዳል። ቦታ ግን መቀያየር አለበት። አንድ ቦታ ብቻ ስወጋ ከርሜ ሆዴ ላይ እብጠት አውጥቷል፤ እዚያ ላይ የተወጋ ደግሞ በደንብ አይሠራም።

ፍሪጅ ያለው ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ፍሪዘር ውስጥ ግን በፍጹም። ባለቤቴ “የበለጠ ከቀዘቀዘ የበለጠ ይቆያል” ብላ የመጀመሪያውን ብልቃጥ በረዶ አድርጋ ጣልነው። መብራት ሲጠፋ አትደንግጡ። አንዴ የተከፈተ ብልቃጥ አዲስ አበባ ቅዝቃዜ ውስጥ፣ ፀሐይ ካላገኘው፣ ከፍሪጅ ውጭም አንድ ወር ገደማ ይቆያል።

አሁን ወደሚያስፈራው ልምጣ። ክኒን ላይ ሳለሁ ረቡዕና ዓርብ እስከ 9 ሰዓት ሳልበላ እጾም ነበር። መርፌ ከጀመርኩ በኋላም ቀጠልኩ፤ ማንም ተው አላለኝ፣ እኔም አልጠየቅኩ። አንድ ረቡዕ ታክሲ ሰልፉ ረዝሞብኝ ቸርችልን በእግሬ ተያያዝኩት። ሰዓቱ 8 ገደማ ነው። ፖስታ ቤትን አልፌ ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ ስወጣ ላብ አጠመቀኝ። ጉልበቴ ቄጤማ ሆነ። እጄ ሲንቀጠቀጥ አየዋለሁ፣ የሰው እጅ ነው የሚመስለኝ። ምሰሶ ተደገፍኩ። አንዲት ሴት “በጾም ቀን!” ብላ አማትባ አለፈች። የታክሲ ረዳት “ፋዘር ሞቅ ብሎታል” እያለ ይስቃል።

ያዳነኝ ሊስትሮ ነው። ዕድሜው 14 ወይም 15 ቢሆን ነው። “ጋሼ፣ ቁጭ በሉ” ብሎ ዱካው ላይ አስቀመጠኝ። “ስኳር... ስኳር” ስለው ገባው። ሮጦ ከሱቅ ሚሪንዳ ይዞ መጣ። ግማሹን በአንድ ትንፋሽ ጨለጥኩት። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቼ ዓለም ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ልጁ የጠርሙሱን ዋጋ ተቀብሎ “ጫማዎትንስ ልጥረገው?” አለኝ። አስጠረግኩ።

ነገሩ ሚስጥር የለውም። ኤንፒኤች ጉልበቱ የሚበረታው ከተወጋ ከአራት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ጠዋት 12 የወጋሁት ቀን 8 ሰዓት ላይ ሥራው ላይ ነበር፤ ሆዴ ባዶ፣ መንገዱ ዳገት። ስኳር ከ70 በታች ሲወርድ እንዲህ ያደርጋል። በቶሎ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ፣ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ፣ ከዚያ ሩብ ሰዓት ጠብቆ መለካት፤ ካልወጣ መድገም። እኔ አሁን ከረሜላ ከኪሴ አይጠፋም። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ተቆጡኝ። “ሕመምተኛ መሆንህን እያወቅህ ማን ስገድ፣ ማን እስከ ዘጠኝ ጹም አለህ?” አሉኝ። አሁን በሰዓቴ እበላለሁ፣ የጾም ምግብ ይሁን እንጂ።

ሐኪሞችም ነርሶችም ሥራ በዝቶባቸዋል፣ አይቻለሁ። ግን አንድ ሰው ከክኒን ወደ መርፌ ሲዛወር ግማሽ ሰዓት ይገባዋል። ነርሷ ካልቻለች እኛ አለን። ተራ ጠባቂው ወንበር ላይ አሥር ዓመት የተወጋ ሰው ሞልቷል። አንዱን “አባቴ፣ ለዚህ ልጅ እንዴት እንደሚቀዳ ያሳዩልኝ” ቢሉት ደስ ብሎት ነው የሚያሳየው። ጾም ይጾማሉ ወይ? ሥራዎ ምንድን ነው? ቤትዎ ሲገቡ ስንት ሰዓት ይሆናል? ብሎ መጠየቅም ክኒን ሲቆጥሩ ከመዋል ያነሰ ጊዜ ይፈጃል።

እናንተም የዘንድሮው ኅዳር 5 ሲደርስ ከ“ጣፋጭ ቀንሱ” ጎን ለጎን አንድ ዓምድ ስጡን። ብልቃጥ እንዴት እንደሚንከባለል፣ ሲሪንጅ እንዴት እንደሚነበብ፣ ስኳር ሲወርድ ምን እንደሚደረግ፣ የሲሪንጁን ሥዕል ጨምራችሁ። ሰዎች ቆርጠው ግድግዳ ላይ ይለጥፉታል። ሰዓቱን ስታትሙ ግን አደራ፣ በኛ አቆጣጠር አድርጉት።

አክባሪያችሁ፣
ከፒያሳ አካባቢ፣ የዘወትር አንባቢያችሁ