ነዋሪውን ከእሳትና ከጎርፍ ጋር አትደርድሩት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ሳምንት እትማችሁ ስለ ቅርስ ጥበቃ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። አብዛኛው ጥሩ ነው። ቅርሶች እየተጎዱ መሆኑን ማንሳታችሁም ተገቢ ነው። አንድ ቃል ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ቅርስ አጠገብ የሚኖሩትን ሰዎች «ለቅርሱ ስጋት» ብላችኋቸዋል። እሳት፣ ጎርፍ፣ ነዋሪ። ሦስቱንም በአንድ መስመር ደርድራችኋቸዋል።

እኔ አስጎብኚ ነኝ። በዚህ ሥራ 22 ዓመት ቆይቻለሁ። የምሠራበትን ቦታ ስም አልጠራም፤ ብጠራው የማወራላቸው ሰዎች ማንነት ይታወቃል፣ ይሄ ደግሞ አይጠቅማቸውም። ነገሩም የአንድ ቦታ ጉዳይ አይደለም።

ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ገደማ ነው። አንድ እንግዳ ትልቅ ካሜራ ይዞ መጣ። ከጥንቱ ግንብ ፊት ቆሞ ጠበቀ፣ ጠበቀ። አያነሳም። ምን ሆነህ ነው ብዬ ስጠይቀው በጣቱ አሳየኝ። ከግንቡ ጥግ ካለች ቤት በር ላይ ገመድ ተወጥሯል። ገመዱ ላይ ሁለት አንሶላና አንድ የልጅ ሹራብ ተሰጥቷል።

ሮጬ ሄድኩ። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ለአምስት ደቂቃ ልብሱን ቢያነሱልን?» አልኳቸው። አንድ ቃል አልመለሱልኝም። አንሶላዎቹ ገና ይንጠባጠባሉ። አንድ በአንድ አወረዷቸውና ደረታቸው ላይ አቀፏቸው። ውሃው በቀሚሳቸው ላይ ወረደ። ከዚያ በሩን ገርበብ አድርገው፣ ልብሱን እንዳቀፉ ከውስጥ ቆመው ጠበቁን። ፎቶው ተነሳ። ቆንጆ ወጣ። እንግዳው ጉርሻ ሰጠኝ፣ ተቀበልኩ። ለእማማ ምንም አልሰጠኋቸውም። አመሰግናለሁ እንኳ ያልኳቸው ከሩቅ ሆኜ ነው። እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ከዚያ ቀን በኋላ እሳቸውን ልብ ብዬ ማየት ጀመርኩ። ጠዋት ጠዋት እንግዶቼን ይዤ ስደርስ እማማ ጎንበስ ብለው ከግንቡ ሥር ያለውን የውሃ መውረጃ ይጠርጋሉ። ቅጠሉን ያወጣሉ፣ አፈሩን ያወጣሉ። ከድንጋዮቹ መሃል ቡቃያ ብቅ ካለ፣ ገና ሁለት ቅጠል ሳለ ይነቅሉታል። «ካደገ ድንጋዩን ይገፋዋል» አሉኝ አንድ ቀን። ትምህርት ቤት ገብተው የተማሩት አይደለም። እናታቸውም እንዲሁ ያደርጉ ነበር።

የቅርስ ጥገና ባለሙያዎች ይህንኑ በሥልጠና ላይ ይነግሩናል። በኖራ የተያያዘ ግንብ ትልቁ ጠላቱ መውጫ ያጣ ውሃ ነው። ውሃው ኖራውን ያላላዋል። ሲደርቅ ደግሞ ጨው ይዞ ይወጣና የድንጋዩን ፊት ያረግፈዋል። የተክል ሥር ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ያሰፋዋል። መድኃኒቱ በየቀኑ የሚደረግ ትንሽ እንክብካቤ ነው። እማማ ያንን በነጻ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ሲያደርጉ ኖረዋል።

በኋላ አካባቢው «ይጽዳ» ተባለ። የሚጸዳው ቆሻሻ መስሎኝ ነበር። እማማና ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ምትክ ቤት አልተሰጣቸውም አልልም፣ ተሰጥቷቸዋል። ቤቱ ግን ከገበያም ከዘመድም ሩቅ ነው። ግንቡ ታጠረ። ጥበቃ ተቀጠረ። ልጁ ጨዋ ነው፤ ሥራህ ብለው የነገሩት ግን በር መጠበቅ ነው፣ ቦይ ጥረግ ያለው የለም። በሁለተኛው ክረምት ቦዩ ተደፈነ። በሦስተኛው ክረምት ግንቡ ሆዱን ገፋ። ከዚያ መጥተው በሲሚንቶ ለጠፉት። ሲሚንቶ ደግሞ ለኖራ ግንብ መርዝ ነው። እርጥበቱ እንዳይተነፍስ ያፍነዋል፣ ጉዳቱ ከውስጥ ይቀጥላል። ይሄ ሁሉ የሆነው «ስጋቱ» ከተነሳ በኋላ ነው።

ነዋሪ ሁሉ መልአክ ነው አልልም። ከግንቡ ድንጋይ አውጥቶ የማድቤቱን ግድግዳ የጠገነ ሰው አይቻለሁ። አስቆጣኝ፣ ተጣላን። ኋላ ስሰማ ሰውየው ቤቱን ለመጠገን ፈቃድ ከጠየቀ ሁለት ዓመት አልፎታል። «አይቻልም» ያለው የለም፣ «ይቻላል» ያለውም የለም። ማድቤቱ በዝናብ ፈረሰበት። ያደረገው ልክ አይደለም። ግን ጥፋቱ የሱ ብቻ ነው ማለት አልችልም።

በማሊ ጄኔ የምትባል ከተማ አለች። ታላቁ መስጊዷ ከጭቃ ጡብ የተሠራ ነው፤ የአሁኑ ሕንፃ የቆመው በ1907 ነው (ከዚህ ጀምሮ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ጭቃ በዝናብ ይታጠባል። ስለዚህ በየዓመቱ የከተማው ሕዝብ ነቅሎ ይወጣና መስጊዱን እንደገና ይለስነዋል። ወጣቱ ጭቃ ይሸከማል። ሴቶቹ ውሃ ይቀዳሉ። ግንበኞቹ ከግድግዳው በወጡት እንጨቶች ላይ ተንጠላጥለው በእጃቸው ይለጥፋሉ። ያ ሕዝብ ከዚያ ቢነሳ መስጊዱ ስንት ክረምት ይቆማል? ጄኔም ብትሆን ችግር አላጣትም። ከተማዋ በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበች ከ1988 ወዲህ ነዋሪው ቤቱን እንደልቡ መቀየር አልቻለም። ወለሌን ሴራሚክ ላንጥፍ፣ ክፍሌን ላስፋ የሚል ሰው ክልከላ ይገጥመዋል። ቤቱ የሱ ነው፣ ውሳኔው ግን የሱ አይደለም።

ሰውን ማንሳቱ ደግሞ በብዙ አገር ተሞክሯል። ከዓለት የተፈለፈለችው የዮርዳኖሷ ጥንታዊ ከተማ ፔትራ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው በ1985 ነው። በዚያው ሰሞን በዋሻዎቿ ይኖሩ የነበሩት የብዱል ጎሳ ቤዱዊኖች፣ ዘላን አረቦች ናቸው፣ ኡም ሰይሁን ወደሚባል አዲስ መንደር ተወሰዱ። ዛሬ ብዙዎቹ ጠዋት ወደ ፔትራ ይገባሉ፣ አህያ ያከራያሉ፣ የማስታወሻ ዕቃ ይሸጣሉ፣ ሲመሽ ይወጣሉ። አያቶቻቸው የተኙበት ዋሻ በር ላይ ቆመው ሐብል የሚሸጡ ልጆች አሉ። በካምቦዲያ ከአንግኮር ጥንታዊ ቤተ መቅደሶች አካባቢ ከ2022 ጀምሮ 10,000 ገደማ ቤተሰቦችን የማንሳት ሥራ ተጀመረ። መንግሥት በፈቃዳቸው ነው አለ። የሰብአዊ መብት ድርጅቱ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2023 ያወጣው ሪፖርት ግን ብዙዎቹ ተገደው እንደሄዱ ይናገራል። በታንዛኒያ ንጎሮንጎሮ ጥብቅ ስፍራ ያሉ ማሳይ አርብቶ አደሮችም በ2022 በመቶዎች ኪሎ ሜትር ወደሚርቀው ምሶሜራ መወሰድ ጀመሩ።

የሰሜን ተራሮችንም ላንሳ። ፓርኩ የተመዘገበው በ1978 ነው፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፣ በ2017 ወጣ። ከመዝገቡ ሲወጣ እኔም ደስ ብሎኛል። ዋልያ ሌላ አገር የለውም። ከብቱ በዝቶ ሳሩ አልቆ ነበር፣ ይሄ እውነት ነው። ግን ከመውጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ሰዎች፣ ከ400 በላይ አባወራ፣ ከደጋው ተነስተዋል። ያኔ ያነበብኳቸው ዜናዎች ስለ ዋልያውና ስለ ቀይ ቀበሮው ብዙ ነገሩኝ። ስለ ግጭ ሰው ኑሮ ግን አንድ አረፍተ ነገር ነው ያገኘሁት። ሰው ተነስቶ ቅርስ ሲተርፍ፣ ዜናው የተነሳውንም ሰው ተከትሎ መሄድ ነበረበት።

ማንም ሳያስነሳው የሚነሳም አለ። የቬኒስ ታሪካዊ ማዕከል በ1951 እስከ 175,000 ሰው ይኖርበት ነበር። ዛሬ ከ50,000 በታች ነው። ፖሊስ ያስወጣቸው የለም። ኪራዩ ነው ያስወጣቸው። ለነዋሪ በዓመት ከማከራየት ለጎብኚ በሌሊት ማከራየት ያዋጣል። ከዚያ ልጆቹ ይቀንሳሉ፣ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፣ የዕለት ጉርስ የሚሸጥበት ሱቅ የማስታወሻ ዕቃ መሸጫ ይሆናል። ከተማዋ በ2024 ደርሰው ለሚመለሱ ጎብኚዎች በተመረጡ ቀናት የ5 ዩሮ መግቢያ ጀመረች። እኔ እንጃ፣ 5 ዩሮ ለኪራዩ መድኃኒት አይመስለኝም። ባርሴሎና በዚያው ዓመት የወሰደችው እርምጃ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ያሏትን 10,101 የጎብኚ ኪራይ ቤቶች ፈቃድ ከ2028 በኋላ እንደማታድስ አስታውቃለች።

«ቱሪዝም ገቢ ያመጣል» ይባላል። ያመጣል። ማን ጋ ነው የሚደርሰው? እኔ የማየውን ልንገራችሁ። አርባ ሰው የጫነ አውቶቡስ ይመጣል። ክፍያው እንግዳው ገና ከአገሩ ሳይነሳ ተጠናቋል። ውሃው ከአውቶቡሱ ጋር ነው የሚመጣው። ምሳው ሌላ ቦታ ታዟል። ሁለት ሰዓት ይቆያሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ፣ ይሄዳሉ። ለሰፈሩ የሚተርፈው ጫጫታውና ባዶ ጠርሙሱ ነው። በዓመቱ መጨረሻ «ይህን ያህል ሺህ ጎብኚ መጣ» ይባላል። ቁጥሩ ትክክል ነው። እማማን የሚመለከት ነገር ግን የለበትም።

መላ አጥተን አይደለም። በአውስትራሊያ የኡሉሩ ዓለት መሬት በ1985 ለባለቤቶቹ ለአናንጉ ሕዝብ ተመልሷል። እነሱም መልሰው ለፓርኩ ለ99 ዓመት አከራዩት። ከመግቢያ ገቢው ሩቡ የነሱ ነው። ከፓርኩ ቦርድ አብዛኛውን መቀመጫ የያዙትም እነሱ ናቸው። ዓለቱ ለነሱ የተቀደሰ ነውና ሰው እንዳይወጣበት ለብዙ ዓመት ሲለምኑ ኖረዋል፤ በ2019 መውጣቱ ተከለከለ። ቢዘገይም ቃላቸው ተሰማ። ሩዋንዳ ከብሔራዊ ፓርኮቿ ገቢ ለአካባቢው ሕዝብ የምታካፍለውን በ2017 ከ5 በመቶ ወደ 10 በመቶ አሳድጋለች። በኔፓሏ ባክታፑር ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ ከጎብኚ መግቢያ ይሰበስብና ለከተማዋ ጥንታዊ ሕንፃዎች እድሳት ያውለዋል። ገንዘቡ ሩቅ ሄዶ፣ ተለምኖ የሚመለስ አይደለም።

የዓለም ቅርስ ስምምነት የወጣው በ1972 ነው። በ2002 የዓለም ቅርስ ኮሚቴው ቡዳፔስት ላይ ተሰብስቦ አራት ዓላማዎች አስቀመጠ፤ ተዓማኒነት፣ ጥበቃ፣ አቅም ግንባታና ተግባቦት። «ማኅበረሰብ» የሚለው አልነበረበትም። አምስተኛ ሆኖ የተጨመረው በ2007 ኒውዚላንድ ውስጥ በክራይስትቸርች በተደረገው ጉባኤ ነው። ጉባኤውን የመሩት ቱሙ ቴ ሄውሄው የሚባሉ የማኦሪ አለቃ ነበሩ። ከስምምነቱ 35 ዓመት በኋላ ማለት ነው። «ማኅበረሰብ» የምትለዋን ቃል ሥልጠና ላይ ሳገኛት ሁለቴ አስምሬባታለሁ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አንድ ቦታ ከመመዝገቡ፣ ከመታጠሩ፣ ትኬት ከመቆረጡ በፊት እዚያ የሚኖረው ሰው ይጠየቅ። ሲጠየቅም «አይሆንም» ማለት የሚችል ይሁን፤ ተወስኖ ካለቀ በኋላ አዳራሽ ጠርቶ ማስጨብጨብ መጠየቅ አይደለም። ቤቱን ለማደስ ሲያመለክት በወራት ውስጥ መልስ ያግኝ። ቦይ የሚጠርገው እጅ ደመወዝ ይኑረው፤ ለእማማ ተከፍሏቸው ቢሆን ኖሮ ለሲሚንቶው የወጣው ገንዘብ ባልወጣ። የግድ መነሳት ካለ ደግሞ፣ አንዳንዴ እንደሚኖር አውቃለሁ፣ ሰው ከሥራው፣ ከዘመዱና ከመቃብሩ ሳይርቅ ይሁን።

እማማን አሁንም እጠይቃቸዋለሁ። እሑድ እሑድ ብቅ እላለሁ። ዓይናቸው ደክሟል፤ የእናንተን ጋዜጣ የማነብላቸው እኔ ነኝ። ያንን ጽሑፍም አነበብኩላቸው። «ስጋት» የሚለው ቃል ጋ ስደርስ ዘለልኩት። አላወቁብኝም። አንብቤ ስጨርስ የጠየቁኝ ስለ ቦዩ ነው፤ «ማን ይጠርገዋል?» አሉኝ።

በሚቀጥለው እትም ቃሉን አርሙልኝ። ሳልዘል ላንብብላቸው።

አክባሪያችሁ፣
አንድ አስጎብኚ